ሊትር ኪሎ አይደለም

«አንድ ሊትር ያው አንድ ኪሎ ነው» የሚለው እምነት በገበያም በወጥ ቤትም ሥር የሰደደ ነው። ዘይትና ማር ሲገዛ ሲሸጥ ሁለቱ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ይነገራሉ። እምነቱ ግን ከሜዳ የበቀለ አይደለም፤ ምንጩ ራሱ የመለኪያ ሕግ ነው። ፈረንሳዮች የሜትር ሥርዓትን ሲያበጁ፣ እ.ኤ.አ. በ1795፣ ግራምን የወሰኑት በአንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ንጹሕ ውሃ ክብደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ የዓለም የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ሊትርን የአንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ውሃ ይዘት አድርጎ ደነገገው። በሁለቱም ድንጋጌዎች ውስጥ ውሃ እንዳለ ልብ ይሏል። ከጊዜ በኋላ ውሃው ተረሳና እኩልነቱ ብቻ በሰው አፍ ቀረ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1964 ሊትርን ከኪሎ አፋቶታል። ዛሬ አንድ ሊትር ማለት ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን የሚይዘው መጠን ነው፤ በትርጉሙ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለም።

ይህን ከያዝን ትንንሹን የፈሳሽ መለኪያ ወደ ትልቁ መለወጥ አያስቸግርም። ሐኪሞች ሲሲ የሚሉት ሚሊ ሊትር ነው፤ 1000 ሚሊ ሊትር 1 ሊትር፣ 1000 ሊትር 1 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የሚያሳስተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሜትር ኪዩብም 100 ሊትር የሚመስለው ሰው አለ። ሊትሩን የሚይዘው ሳጥን በርዝመት 10፣ በወርድ 10፣ በቁመት 10 ጊዜ ስለሚደረደር ግን ሳጥኖቹ አንድ ሺህ ይሆናሉ። በውሃ ሂሳብ ላይ 2 ሜትር ኪዩብ ተብሎ የሚጻፈው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 100 ጊዜ ሞልቶ የሚቀዳ ውሃ ነው። እስከዚህ ድረስ ዜሮ መጨመርና መቀነስ ይበቃል፤ ፈሳሹ ዘይትም ይሁን ወተት ስሌቱ አይለወጥም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከይዘት ወደ ክብደት ስንሻገር ነው፤ በዚያ መካከል እፍግታ፣ ማለትም አንድ ሊትሩ የሚመዝነው ክብደት፣ አለ። የምግብ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ነው ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው፤ አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። ማር ደግሞ ከባድ ነው፤ አንድ ሊትሩ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይደርሳል። ማር በሊትር ዕቃ እየሰፈረ በኪሎ ዋጋ የሚሸጥ ሰው በእያንዳንዱ ሊትር 400 ግራም ያህል ይከስራል፤ ዘይት በዚያው መንገድ የሚገዛ ሰው ደግሞ በ20 ሊትር ጄሪካን ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ይጎድልበታል። «ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለዕለት ኑሮ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። ለአንድ ወጥ የሚጨመር ዘይት ከሆነ እውነቱን ነው። ልዩነቱ ግን ከመጠኑ ጋር አብሮ ያድጋል፤ በአንድ ሊትር የማይታየው 80 ግራም በአንድ ሺህ ሊትር 80 ኪሎ ይሆናል።

ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 በካናዳ ታይቷል። የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ሊበር 22,300 ኪሎ ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። የነዳጅ ጠቋሚው ስላልሠራ በጋኖቹ ውስጥ ያለው በእጅ ተለካ፤ 7,682 ሊትር ተገኘ። አንድ ሊትሩ ወደ 0.8 ኪሎ ስለሚመዝን በ0.8 ማባዛት ይገባ ነበር። አየር መንገዱ ያን ጊዜ ወደ ሜትር ሥርዓት ገና በመሻገር ላይ ስለነበር ሠራተኞቹ የለመዱትን 1.77 ተጠቀሙ፤ ያ ቁጥር ግን የአንድ ሊትር ክብደት በፓውንድ ሲገለጽ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ 20,000 ሊትር መጨመር ሲገባ 5,000 ያህል ብቻ ተጨመረ። አውሮፕላኑ ገና በአየር ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አብራሪዎቹም ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለች ከተማ በቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ አሳረፉት፤ ሕይወቱ ያለፈ ሰው የለም። ሊትሩ በትክክል ተለክቶ ነበር፤ የተሳሳተው ከሊትር ወደ ክብደት መሻገሪያው ቁጥር ነው።

ይኸው ስህተት በትንሹ ልክ ሲመጣ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የሚደርሰው በሕፃናት ላይ ነውና። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ 250 ሚሊ ግራም የያዘም አለ። ሐኪሙ 250 ሚሊ ግራም ካዘዘ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 10፣ ከሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። «ሽሮፕ ያው ሽሮፕ ነው» ብሎ ባለፈው የለመዱትን ያህል መስጠት መድኃኒቱን በእጥፍ ማብዛት ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። «ሽሮፕ ውሃ አይደል? ሚሊ ሊትሩ እንደ ግራም ቢታሰብ ምን አለ?» ቢባል፣ ሚሊ ግራሙ የሚናገረው ስለ ፈሳሹ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ስላለው መድኃኒት ነው። አምስቱ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 5,000 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ መድኃኒቱ 125 ብቻ ነው።

ማንኪያም ሌላው መሻገሪያ ነው። በሕክምና የሻይ ማንኪያ ሲባል 5፣ የሾርባ ማንኪያ ሲባል 15 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የቤታችን ማንኪያ ግን የተሠራው ለመብላት እንጂ ለመስፈር አይደለም፤ ከቤት ቤት ይለያያል። በሻይ ማንኪያው ፈንታ በሾርባ ማንኪያ የሰጠች እናት ልጇን ሦስት እጥፍ መድኃኒት አጠጣች ማለት ነው። «ስንት ዘመን በማንኪያ ተሰጥቶ ማን ምን ሆነ?» የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም፤ የተበላሸ መጠን ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም፤ የቀነሰው ደግሞ ሕመሙ ሳይድን ሲቀር መድኃኒቱ ይወቀሳል እንጂ ማንኪያው አይጠረጠርም።

ስለዚህ የልጅ ሽሮፕ ስትገዙ መጠኑ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ባለሙያው በጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ መለኪያ ኩባያ ወይም ስሪንጅ ሳትይዙም ከፋርማሲው አትውጡ።