ከምን አለሽ ተራ የወጣ ግራፊክስ ካርድ ጌም ያጫውታል?

ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረታ ብረትና የተበላሸ ዕቃ ማረፊያው መርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው። እዚያ የመኪና ጎማ በረባሶ፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል። የፈረሰ ኮምፒውተርም ከብረቱ መሃል አይጠፋም። ከሆዱ የሚወጣው ግራፊክስ ካርድ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ፣ የመሰኪያው ወርቃማ ጥርሶች ጠቁረው ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል። አንዳንዱ ግን ደህና ነው፤ ያለቀው ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨር በካርዱና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ጌሙ «ይህን ግድግዳ ሣል፣ ጥላውን እዚህ ጣል» ሲል ትእዛዙን ካርዱ በሚገባው ቋንቋ ያደርሳል። አስተርጓሚው ከሌለ ሥዕሉ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ይወድቅና ጌሙ ይንቀራፈፋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ራዲዮን ኤችዲ 7750 እንይ። ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልግም፤ ከመሰኪያው የሚያገኘው ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ይመቻል። አምራቹ ኤኤምዲ ለዚህ ትውልድ የዊንዶውስ ድራይቨር ማሻሻሉን በሰኔ 2021 አቆመ። ሊነክስ በተባለው ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ካርዱ ዛሬም ይሠራል። ኤኤምዲ ከ2007 ጀምሮ የካርዶቹን አሠራር የሚያስረዱ ሰነዶች ለሕዝብ ለቋል። ብራያን ፖል በ1993 የጀመረው ሜሳ የተባለው የግራፊክስ ሶፍትዌርም ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በ2016 ዴቭ ኤርሊና ባስ ኒውወንሃውዘን፣ ሁለቱም የኤኤምዲ ሠራተኞች ሳይሆኑ፣ ለኤኤምዲ ካርዶች ራድቪ የተባለውን የቩልካን ድራይቨር በሜሳ ውስጥ መጻፍ ጀመሩ። ቩልካን ጌም ለካርዱ ትእዛዝ የሚሰጥበት የጋራ ቋንቋ ነው። ቩልካን 1.3 የወጣው በ2022 ነው፤ ካርዱ በተወለደ በ10 ዓመቱ፣ ኤኤምዲም በዊንዶውስ በኩል እጁን ካነሳ በኋላ። ያም ሆኖ ኤችዲ 7750 በራድቪ አማካይነት ቩልካን 1.3ን ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ቩልካን ለምን አስፈለገ? የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የተባለ ሶፍትዌር ለዊንዶውስ የተሠሩ ጌሞችን በሊነክስ ያስኬዳል። በውስጡ ያለው ዲኤክስቪኬ የዊንዶውስ ጌሞች የሚናገሩትን የዳይሬክትኤክስ ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይተረጉማል፤ ከ2.0 ወዲህም ቩልካን 1.3ን ይጠይቃል። ቫሎራንትንና ፎርትናይትን የለመደ ግን አይድከም፤ የማጭበርበር መከላከያቸው ሊነክስን አይቀበልም።

ሌላው የካርድ አምራች ኤንቪዲያ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር በጎ ፈቃደኞች የካርዱን አሠራር ከውጭ እየመረመሩ ነው የጻፉት። በ2014 በወጣው ጂቲኤክስ 900 ግን ኩባንያው በራሱ ፊርማ የተቆለፈ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ አመጣ፤ ኑቮም የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ተሳነው። ጂቲኤክስ 1000ም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እነዚህ ካርዶች የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻቸውም 580 የተባለው ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ሁለት አሮጌ ካርዶች ቢቀርቡልኝ የማነሳው ራዲዮኑን ነው።

ለመግዛት ሲሄዱ ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት የተጫነበት ፍላሽ ይያዙ። ሻጩ ካርዱን አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሰካልዎ፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ያስነሱት። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ከፍተው «ግራፊክስ» የሚለውን መስመር ያንብቡ። የካርዱ ስም ከተጻፈ ድራይቨሩ አግኝቶታል። «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል ካዩ የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው። ስሙ በትክክል ቢወጣም አሥር ደቂቃ ያህል አንድ ቀላል ጌም ያጫውቱበት። እየሞቀ ሲሄድ ከጠፋ ምናልባት በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቆ ይሆናል፤ አቧራውን ማራገፍና ፓስታውን መቀየር ሊያድነው ይችላል። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም ሰንጠረዥ ከታየ ግን የካርዱ ሜሞሪ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አይግዙት፤ ያንን የትኛውም ድራይቨር አይጠግነውም።