ባጃጁ «ቀጭ» ብሎ ሲቀር፦ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት

ጁገል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከተሽከርካሪ ሳይሆን መንገዱ ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ሐረር ማሽን በድምፁ የሚታወቅባት ከተማ ነች ማለት ነው። የባጃጅ ሾፌሮቻችንም የሞተራቸውን ድምፅ በደንብ ማዳመጥ ቢለምዱ ብዙ ብር ይተርፋቸዋል ባይ ነኝ።

እንዲህ እንበል። ጠዋት ነው፣ ፈረስ መጋላ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሾፌሩ ማስነሻውን ይጫናል፤ «ቀጭ» ይልና ዝም። የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ «ባትሪው ሞቷል!» ይላል። አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና «ቀጭ»። ቀጥሎ ሞተሪኖ ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው የላላ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዘ ተርሚናል ሆኖ ይገኛል።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ብዙ ሾፌር የባጃጁ ባለቤት አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው የተቆረጠ ገቢ አለበት፤ ባጃጁ ግማሽ ቀን ቢቆም ገቢው ግማሽ አይሆንለትም። ስለዚህ የተሳሳተ ግምት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ አንዴ ለማያስፈልግ ዕቃ፣ አንዴ ለባከነው ቀን።

ድምፁ ምን ይላል?

ማስነሻው አምስት ነገሮች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ቁልፍና ማስነሻ በተን፣ ሪሌ፣ ሞተሪኖ። ላንድክሩዘር ፊት ላይ የሚታሰረው ዊንችም፣ ጀልባ ላይ የሸራውን ገመድ የሚስበው የኤሌክትሪክ ዊንችም አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁሉም ትንሽ ባትሪ ላይ ብዙ ከረንት ስለሚጠይቁ ሕመማቸው ይመሳሰላል።

መብራቱን አብሩና ማስነሻውን ተጫኑ። ጊሩ ኒውትራል ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን።

ምንም ድምፅ ከሌለና መብራቱም ካልበራ፣ የባትሪ ተርሚናሉንና ፊውዙን እዩ። መብራቱ ደምቆ ማስነሻው ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው በተኑና ሪሌው ላይ ነው።

«ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ» እያለ ከተደጋገመና መብራቱ ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል።

አንድ «ቀጭ» ብቻ ብሎ መብራቱ እንደደመቀ ከቀረ፣ ሪሌው ትእዛዙን ሰምቷል፤ ከረንቱ ግን ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል።

ሞተሪኖው «ዙዙዙ» እያለ ለብቻው ከዞረና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን የኤሌክትሪክ ጉዳይ አይደለም። ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጥርስ ወይም ክላች ነው። እዚህ ላይ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቁጥር አይዋሽም

ቀጣዩ ደረጃ ቴስተር ነው፤ የቤት ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ልጆች ኪስ ውስጥ የማይጠፋው ያ ትንሽ መሣሪያ። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት።

ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ማስነሻውን ተጭናችሁ ደግሞ ለኩ። ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ቻርጅ የለውም ወይም አርጅቷል። ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ደግሞ ችግሩ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ነው። አዲስ ባትሪም ብታስገቡ እሱም ተራውን ጠብቆ ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ፈተና ግን ይሄኛው ነው። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ፤ ማያያዣው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ላይ አድርጉ። ሳትጫኑ 12 ገደማ ያሳያል፤ አትደንግጡ፣ ሪሌው ክፍት ስለሆነ ነው። አሁን ተጫኑ። ቁጥሩ ከ0.5 በታች ከሆነ መንገዱ ሰላም ነው። 2 ወይም 3 ካሳየ ያ ሁሉ ቮልት መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ተጭናችሁም 12 ገደማ ላይ ከቀረ ሪሌው አልዘጋም። በኔጋቲቩ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው አካል ድረስ እንዲሁ ለኩ፤ እዚያ ከ0.3 ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ለምን ይጠፋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሪኖው 50 አምፒር ቢስብና የዛገው ተርሚናል 0.05 ኦም ብቻ ቢከላከል፣ 50 ሲባዛ በ0.05፣ 2.5 ቮልት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መብራት ትንሽ ከረንት ስለሚስብ በዚያው ዝገት በኩል ደምቆ ይበራል። «መብራቱ እየበራ እንዴት አይነሳም?» ለሚለው መልሱ ይሄ ነው።

መድኃኒቱም ርካሽ ነው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነጩንና አረንጓዴውን ያጥበዋል፤ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ። አድርቁ፣ በሸካራ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰር። ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ብልጭታም አታቅርቡ። ማስነሻውን ከ10 ሰከንድ በላይ አትጫኑ፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ ማስነሳት ደግሞ ጀግንነት አይደለም፤ ጊር ላይ ያለ ባጃጅ ሰው ላይ ሊሄድ ይችላል።

መካኒኩ የሚያውቀው፣ እናንተ የማታውቁት

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች ዋነኛው ይሄ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል። ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ያልቻለ ገዢ ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ጥሩው ዕቃም ከገበያው ይወጣል።

ጋራዥም ከዚህ አያመልጥም። ችግሩን ሳይፈትሽ ዕቃ የሚቀይርና በትክክል ለክቶ የሚነግር መካኒክ ለደንበኛው አንድ ከመሰሉት፣ ለክቶ የሚነግረው ለልፋቱ የሚከፍለው አያገኝም። ተርሚናል አጥቦ «ጨርሻለሁ» ሲል «ለዚህ ነው የምታስከፍለኝ?» የምንል እኛው ነን እኮ። ያልተቀየረ ዕቃ ላይ ያዋለው ዕውቀት ግን ከዕቃው ይበልጣል።

ስለዚህ ፍተሻውን ነፃ ከሆነው ጀምሩ፦ ጆሮ፣ ዓይን፣ ቀጥሎ ቴስተር፣ ገንዘብ የሚያወጣው መጨረሻ። ጋራዥ ስትሄዱም «ባትሪው ነው» ከተባላችሁ «አቦ፣ ሲጫን ስንት ቮልት ላይ ይወርዳል? አሳየኝ» በሉ። ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እንዲያውም በዕውቀቱ ልክ የሚከፍለው ደንበኛ ያገኛል።