መሠረት ከመጣሉ በፊት

ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው በጥንቱ ቤተ አማራ አፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን ተከሉ፤ አፄ ናዖድም መካነ ሥላሴን ጀመሩ፥ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በ1524 ዓመተ ምሕረት የኢማም አሕመድ ጦር ሁለቱንም አቃጠለ። የመካነ ሥላሴን ውበት ግን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ መስክሮለታል።

በዚሁ አገር ያለችው መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኝባት ከተማ ናት። ሕንፃ መብዛቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን መሠረት የሚቈፍር ሰው የጥንት ግንብ አግኝቶ ጥርቡን ድንጋይ ለአዲስ ግድግዳ ቢያውለው፥ የብራና መጽሐፍ ቀዶ እሳት እንዳነደደ ይቈጠራል። ድንጋዩ ቢተርፍ እንኳ ከነበረበት አፈር ከተለየ በኋላ ዘመኑን በትክክል ሊናገር አይችልምና።

በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፥ እስኪረከበውም ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቅ አዝዟል። ይሁን እንጂ ዶማው ካረፈ በኋላ ከማስታወቅ አስቀድሞ ማስመርመር ይሻላል። ስለዚህ ሹሙ ፈቃድ ሳይሰጥ፥ ካህኑም በፈረሰው ደብር ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሳያሳንጽ፥ የቍፋሮ ሊቃውንትን ሊያስጠራ ይገባዋል። አዲሱ ሕንፃ ጥቂት ወራት ቢዘገይ ይሠራል፤ የተናደው የጥንት መሠረት ግን ዳግመኛ አይመረመርም።