ለአባታችሁ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስትገዙ

ሰው ሲሸመግል የሰፈሩ መንገድ የሚረዝምበት ይመስላል። ትናንት በአምስት ደቂቃ የሚደረስበት ገበያ ዛሬ ሁለት ጊዜ ዐረፍ ሳይባል የማይደረስበት ሩቅ አገር ይሆናል። ጕልበት በታመመ ጊዜ የሚቀረውም መንገዱ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ገበያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የእድሩ ስብሰባ ይቀራል፤ በመጨረሻም ወዳጅ መጠየቅ ይቀርና ሽማግሌው ከደጃፉ ተቀምጦ ዐላፊ አግዳሚውን የሚቈጥር ይሆናል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ተማሪዎችም ሆናችሁ ደመወዝ መቀበል ከጀመራችሁ ብዙ ያልቈያችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፤ ይህን ነገር በወላጆቻችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። እኔም በአባቴ ላይ አይቼዋለሁ። አባቴ በሐዋሳ ከተማ በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ስለ ሆነች ብስክሌት የብዙ ሰው ፈረስ ነው፤ አባቴም በደኅናው ዘመን ቢሮ የሚገቡት በብስክሌት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጕልበታቸውን ቢያማቸው ብስክሌቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጡና ቤት ዋሉ። ለባጃጅ በየቀኑ መክፈል ደግሞ ለጡረታ ገንዘብ ከባድ ነው። ስለዚህ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከደመወዛችን እየቈጠብን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልንገዛላቸው ቈረጥን።

አሳባችን ደግ ነበር፤ አካሄዳችን ግን የሞኝ ነበር። አባታችንን ሳንጠይቅ አንድ ሱቅ ገብተን «ከሁሉ ጠንካራው የቱ ነው?» አልን። ሻጩም ጎማው እንደ ሞተር ብስክሌት የወፈረ፤ ባለ አንድ ሺሕ ዋት ብስክሌት አወጣልን። በማግሥቱ አባታችንን ወስደን አስቀመጥናቸው። መሪው ላይ ያለውን የኀይል መስጫ ጥቂት ቢያዞሩት ብስክሌቱ እንደ ደነበረ በቅሎ ዘሎ ከፊት ከተከመረው ጆንያ ጋር ተላተመ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጉዳት አልደረሰም። አባታችን ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ ወርደው በእግራቸው እያነከሱ ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የብስክሌት ስም እንዲነሣባቸው አልፈቀዱም። እኛም ጥቂት ጊዜ ቢጨመር ጨርሰው ከቤት እንዳይወጡ ልናደርጋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩን እንደ ትምህርት ያጠናሁት። እናንተ የእኛን ስሕተት እንዳትደግሙ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት የትናንት ፍጥረት አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ሞተር ላለበት ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ነው። ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ በዚያው አቈጣጠር በ1993 እግር በገፋው መጠን ሞተሩ የሚያግዝበትን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በአገራችንም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነገር የየቡና ቤቱ ጨዋታ ሆኗል።

እንግዲህ ለሽማግሌ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚፈለገው የሚያስሮጥ ብስክሌት ሳይሆን የሚታዘዝ ብስክሌት መሆኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቈጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ማገዙን የሚያቆም ነው። ለአባታችሁ ይኸው መጠን ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚፈጥን ከሆነ ግን ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነ አስቀድማችሁ የከተማችሁን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ስትመርጡ የሚከተሉትን በየተራ ተመልከቱ።

አንደኛ፤ ሞተሩ የሚነሣበትን መንገድ ነው። በርካሹ ዓይነት ፔዳሉ መዞር እንደ ጀመረ ሞተሩ ድንገት ይገፋል። በሌላው ዓይነት ሞተሩ የእግሩን ግፊት እየለካ፤ ለቀስታው ቀስ ብሎ፤ ለብርቱው በርትቶ ያግዛል። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለአዛውንት ግን የሚሻለው እርሱ ነው። ገንዘብ ካነሰና የመጀመሪያውን ከገዛችሁ፤ ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩ ወዲያው የሚጠፋ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፤ ፍሬኑ ነው። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን በሁለት ጣት ይታዘዛል፤ የጣት መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። በገመድ የሚሠራው ዲስክ የበለጠ መጭመቅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ዋጋው ቀላል ነው፤ የሰፈር ብስክሌት ሠሪም ይጠግነዋል።

ሦስተኛ፤ አካሉ ነው። እግርን ከኋላ ወደ ላይ ወርውሮ መውጣት ለታመመ ጕልበት ፈተና ነው። ስለዚህ መካከሉ ዝቅ ያለውን፤ በተለምዶ «የሴት ብስክሌት» የሚባለውን ምረጡ። ኮርቻውም ሁለቱ እግሮች መሬት እስኪነኩ ዝቅ የሚል ይሁን። ክብደቱንም ዘንግታችሁ እንዳትገዙ፤ ብዙዎቹ ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናሉና የደጁን ደረጃ ማን እንደሚያሻግረው አስቡ።

አራተኛ፤ ባትሪው ነው። ከብስክሌቱ ዕቃዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ውዱ እርሱ ነው። የያዘውን ኀይል ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፤ ባለ 36 ቮልትና ባለ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። በሜዳ ላይ ፔዳል እየመታ ለሚሄድ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር አሥራ ሁለት ዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል ማለት ነው። አባቴ በቀን ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ አይሄዱም፤ ታዲያ መቶ ኪሎ ሜትር ለሚያስኬድ ባትሪ ስለ ምን ይከፈላል? የመብራቱ ወጪም አያስፈራችሁ። ይህን ባትሪ የሚሞላው ኀይል አንድ ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በስድስት ሰባት ደቂቃ የሚፈጀውን ያህል ነው።

እንደ መኪና ባትሪ ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ኀይል ለመያዝ ከሊትየሙ ባትሪ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። የሊትየሙ ደግሞ አያያዙ ካላማረ እሳት ያመጣል። በኒውዮርክ ከተማ በእንዲህ ያለ ባትሪ ምክንያት ብዙ ቤት ስለ ተቃጠለና ሰውም ስለ ሞተ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2023 ጀምሮ በታወቀ ደንብ ያልተፈተነ ባትሪና የኤሌክትሪክ ብስክሌት መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ቻርጀሩ የባትሪው የራሱ ይሁን፤ ለተለመደው ባለ 36 ቮልት የሊትየም ባትሪ በቻርጀሩ ላይ የሚጻፈው 42 ቮልት ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ወይም በመውጫው በር አጠገብ አድርጋችሁ አትሙሉት። ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪም በምንም ዋጋ አትግዙ።

የአዲስ አበባ፤ የጎንደርና የደሴ አንባቢዎች «የእኛስ አቀበት?» ትሉ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየር አይስብምና የአገር ከፍታ አያደክመውም። አቀበት ለሚበዛበት አገር ግን ሞተሩ በጎማው እምብርት ሳይሆን በፔዳሉ መካከል ያለው፤ በማርሽ ስለሚታገዝ፤ ይሻላል። ዋጋው ግን ይጨምራል። ሚዛን መጠበቅ ለተሳነው ሰው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አለ፤ እርሱም ቢሆን በጠምዛዛ መንገድ ላይ ሲፈጥን ይገለበጣልና በዝግታ መያዝ አለበት።

እንግዲህ በአነስተኛ ገንዘብ ስትገዙ የሚቀነሰውን ለዩ። ፍጥነቱን ቀንሱ፤ የሚያብረቀርቀውን ሰሌዳ ቀንሱ፤ የማርሹን ብዛት ቀንሱ። ከፍሬኑ፤ ከባትሪውና ከቻርጀሩ ግን አንዲት ብር አትቀንሱ። ለራስ መከላከያ ቆብም ጥቂት አስተርፉ። የልብ፤ የዐይን ወይም የማዞር ሕመም ካለም አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

ወደ አባቴ ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ቀርቤ «አባባ፤ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ሳንጠይቅዎ ነው የገባንበት። አሁን እርስዎ ራስዎ ይምረጡ» አልኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉና ሌላ ሱቅ ሄድን። መካከሉ ዝቅ ያለውን ባለ 250 ዋት ስናሳያቸው ፊታቸውን አዞሩና «ይኼ የሴት ነው» አሉ። እኛም አልተከራከርንም። ባለ ከፍተኛውን ለመውጣት ሞክረው ተረከዛቸው ኮርቻውን መታው፤ ሁለተኛ ሞከሩ፤ አሁንም መታው። ጥቂት ዝም ብለው ቆሙና ወደ ዝቅተኛው ሄደው ያለ አንዳች ችግር ተቀመጡበት። «ጋቢ ለብሼም እወጣበታለሁ» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። የጋቢው ጫፍ ጎማ እንዳይዘው ግን በደንብ መታጠፍ እንዳለበት ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልምምድ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሳይከፈት፤ በሁለተኛው በዝቅተኛው ደረጃ፤ በአራተኛው ቅዳሜ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ዛሬ እሑድ ጠዋት ገብርኤል ተሳልመው፤ ከዚያ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። የእድሩንም ስብሰባ አያጓድሉም። በቤታችን የምንጨቃጨቀው አሁን ለምን ቤት ዋሉ በማለት ሳይሆን ለምን አመሹ በማለት ነው።

ውድ አንባቢዎች፤ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ለመግዛት ስትነሡ ገንዘቡን ያዙ፤ ምርጫውን ግን ለእነርሱ ተዉላቸው። የሚቀመጡበት እነርሱ ናቸውና።