ሕክምና ለሚማረው ልጅ ስንቅ የሚቋጥርለት ማነው?



  

ባለፈው ረመዳን ዘካን የተመለከቱ ጥያቄዎችን ስንቀበል አንድ ነጋዴ አባት ያቀረቡልን ጉዳይ ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ሆኗል። የወንድማቸው ልጅ ከቆላማው የአርብቶ አደር አካባቢ ተነስቶ፣ ከቤቱ የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማራል። አራተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። ቤተሰቡ ከብቶቹ በድርቅ ካለቁበት ወዲህ ለልጁ አንድ ብር ልኮለት አያውቅም። ልጁም በመጨረሻ «ትምህርቱን ትቼ ሥራ ልፈልግ ነው» ብሎ ላከባቸው። አጎትየው ዘካቸውን ለእርሱ ለመስጠት አስበው የሰፈራቸውን ሽማግሌዎች ቢያማክሩ፣ «ዘካ የሚስኪን ሐቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጅ መንግሥት ያበላዋል፤ ነገ ደግሞ ዶክተር ሆኖ ከእርስዎ የበለጠ ሀብታም ይሆናል» አሏቸው። እርሳቸውም ግራ ተጋቡ።

ሽማግሌዎቹ በክፋት አልተናገሩም። የዘካን ገንዘብ ለማይገባው ላለመስጠት መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ንግግራቸው ውስጥ ሁለት አባባሎች አሉ፤ ሁለቱንም ብንመረምራቸው እንደታሰበው ሆነው አናገኛቸውም።

«መንግሥት ያበላዋል» የሚለውን እንመልከት። በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚህ አሠራር የሚማር ተማሪ ሲገባ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። እንግዲህ ያበላዋል ማለት ያበድረዋል ማለት ነው። (ባለዕዳዎች ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ መሆናቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ይህ ግን መክፈያው ገና ያልደረሰ ዕዳ ስለሆነ በዚያ በር አንገባም፤ የድህነቱ በር ይበቃናል።)

ከካፌው ሳህን ውጭ ያለውን ወጪ ደግሞ ማንም አይቆጥርለትም። የሁለት ቀን የአውቶቡስ መሳፈሪያ አለ። ነጭ ጋውን አለ፤ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ ማየት ሲጀምር የልብ ማዳመጫው፣ ሥርዓት ያለው ጫማና ሱሪ ይመጣሉ። መጻሕፍቱ ውድ ስለሆኑ ተማሪው የሚያነበው ኮፒ አስደርጎ ወይም በስልኩ ጭኖ ነው፤ ለሁለቱም ገንዘብ ያስፈልጋል። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ልጅ የቁርስ ሰዓት ካለፈበት ከኪሱ ገዝቶ መብላት አለበት። ሳሙናም በነጻ አይመጣም። ሴት ልጅ ደግሞ በየወሩ የሚያስፈልጋት ነገር አለ፤ ከአባቷ ጋር በማትነጋገርበት ጉዳይ ገንዘብ ላኩልኝ ብላ ለማን ትናገራለች?

በደህና ቤተሰብ ውስጥ ይህ ሁሉ ወጪ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። እናት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትልካለች፤ አለቀ። እረኛ ቤተሰብ ግን የሚልከው ከብት ሸጦ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በሶማሌ ክልልና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከብቱ ብቻ አይደለም የሞተው። ሩቅ አገር የሚማረው ልጅ የኪስ ገንዘብም አብሮ ነው የሞተው።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። ሕክምና ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። አብሮት ከአገሩ የወጣው ጓደኛው ሌላ ትምህርት ተምሮ፣ በአራት ዓመት ተመርቆ ለእናቱ ገንዘብ መላክ ሲጀምር እርሱ ገና ከወላጆቹ ይጠብቃል። ታናናሾቹ በእርሱ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀሩ ይመስለዋል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ትምህርቱ ከብዷቸው እንደሆነ ይነገራል፤ እኛ እንደምንረዳው ግን የቤተሰቡን ችግር እየሰማ ተቀምጦ መማር የሚያሳፍረው ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

«ነገ ሀብታም ይሆናል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዘካ የሚመለከተው የሰውየውን የዛሬ ሁኔታ ነው። ነገ የምትወልድ ላም አለችው ተብሎ ዛሬ የተራበን ሰው የሚከለክል ፈቂህ አናውቅም። ደግሞስ በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ማነስ ያሰሙትን አቤቱታ የሰማ ሰው ስለ ሐኪም ሀብት በዚህ እርግጠኝነት ይናገራል?

አሁን ከልጁ ወጥተን ወደ አገሩ እንሂድ። በኢትዮጵያ ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ነው ያለው። ያም ቢሆን በእኩል የተከፋፈለ አይደለም፤ ሐኪሙ የሚገኘው በብዛት በከተማ ነው። ሰመራና ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ጎንደር ግን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1964 ነው። ግማሽ ምእተ ዓመት ዘግይቶ የጀመረ አካባቢ ሐኪም ቢያንሰው አይገርምም። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በር ላይ ቆሟል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ላብራቶሪ ከሌለው፣ የፊዚክስ አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ ካልተሟላለት የገጠር ትምህርት ቤት ወጥቶ ሕክምና የደረሰው ልጅ ምን ያህል ወንፊት አልፎ እንደመጣ አስቡት። ያንን ሁሉ አልፎ በመሳፈሪያና በሳሙና ምክንያት ሲመለስ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።

ልጁ የሚመለስለት ሕዝብስ? ምጥ የያዛት እናት ሕመሟን በአፋርኛ ወይም በሶማሊኛ እያስረዳች፣ በመሐል አስተርጓሚ፣ ያውም አንዳንዴ የራሷ ልጅ ሲያስተረጉም፣ ሐኪሙ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ገምቶ መድኃኒት ያዛል። ወንድ ሐኪም ፊት ልብሷን ከማወልቅ ብላ ሕመሟን ደብቃ የቆየች፣ ሲብስባት ብቻ የመጣች እናት ታሪክ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይሆንም። በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም እንደሚፈቀድ ደጋግመን አስተምረናል፤ ሐያእ ግን በፈትዋ ብቻ አይለቅም። ሴት ሐኪም እንፈልጋለን የምንል ሰዎች ሴት ልጅ ሕክምና እንድትማር ስንቋን ለመቋጠር ለምን ኋላ እንቀራለን?

ስንቅ መቋጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ፣ በዳናም በጀማ ንጉሥም ይሁን በሌሎቹ የእውቀት ማእከሎች፣ ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ሲቀራ የመንደሩ ሰው ይቀልበው ነበር። «ጎበዝ ነህ፣ ጉልበት አለህ፣ ለምን አታርስም?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ማረስ ከጀመረ ኪታቡ ይቀራል።

ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ሒጅራ ያረፉት) በአል-መጅሙዕ ኪታባቸው ይህንኑ ነጥብ በዘካ ምዕራፍ አንስተውታል። ሠርቶ መብላት የሚችል ሰው በመሠረቱ ዘካ አይወስድም። ሆኖም ሥራው ከእውቀት የሚያቋርጠው ከሆነ፣ እርሱም በትምህርቱ ውጤት የሚያሳይ ከሆነ፣ ዘካ ይፈቀድለታል፤ ምክንያቱም እውቀቱን መሸመት ፈርድ ኪፋያ ነው ይላሉ። በትርፍ ዒባዳ ተጠምዶ ሥራ የተወን ሰው ግን በዚህ አይጨምሩትም። ልብ በሉ፦ ሌሊቱን ሲሰግድ የሚያድረው አልተፈቀደለትም፣ የሚያጠናው ግን ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ጥቅም ለራሱ ነው፤ የሁለተኛው ግን ለሌላውም ይተርፋል።

ኢማሙ በዚያ ቦታ የተናገሩት ስለ ሸሪዓ እውቀት እንደሆነ ሳንገልጽ አናልፍም። ሆኖም ምክንያት ያደረጉት ፈርድ ኪፋያነቱን ነው። ከእርሳቸው በፊት ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሒጅራ ያረፉት) በኢሕያእ ሕክምናን በስም ጠርተው ከፈርድ ኪፋያዎች መድበውታል። አንድ አገር ሐኪም ካጣ ነዋሪው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል፤ አንድ ሰው ቢነሳበት ግን ከሌሎቹ ይወርዳል። እንዲያውም በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ ሕክምናን የሚማር መጥፋቱን አምርረው ወቅሰዋል። ሁለቱን ንግግሮች አንድ ላይ ስናደርግ፣ በዘመናችን ካሉ ዑለማዎች ብዙዎቹ ጠቃሚ እውቀት የሚማር ድሃ ተማሪ ዘካ መውሰድ ይችላል ማለታቸው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ እናገኘዋለን። መስፈርቱ ድህነቱ ነው፤ የሀብታም ልጅ ሕክምና ስለተማረ ብቻ ዘካ አይወስድም።

ለነጋዴው አባት የሰጠነው መልስም ይህ ነበር። አባት ልጁን የመቀለብ ግዴታ ስላለበት ዘካውን ለልጁ አይሰጥም። አጎት ግን ይሰጣል፤ ለዘመድ የሚሰጥ ሰደቃ ደግሞ ምንዳው ዝምድናን መቀጠልንም ይጨምራል።

በዚህ ጉዳይ በጣም የምንወደውን ታሪክ እናካፍላችሁ። በደማስቆ አድ-ደኽዋር በሚል ስም የታወቁ ሐኪም ነበሩ። አባታቸው የዓይን ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸውም በዚሁ ሙያ ጀምረው፣ ኑረዲን ዘንጊ እ.ኤ.አ. በ1154 ባሠሩት ሆስፒታል እየሠሩ እያስተማሩ የዘመኑ ትልቅ ሐኪም ሆኑ። የሳንባን የደም ዝውውር የገለጹት ኢብኑ አን-ነፊስ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። በ622 ሒጅራ መኖሪያ ቤታቸውን የሕክምና መድረሳ እንዲሆን ወቅፍ አደረጉት። ቤት ብቻ ግን አልተዉም፤ ገቢ የሚያስገቡ ንብረቶችም አብረው ወቅፍ አደረጉ፤ ከገቢውም ቤቱ እንዲታደስ፣ አስተማሪው እንዲከፈለው፣ ተማሪዎቹም ቀለብ እንዲቆረጥላቸው። ሕንጻ ሠርቶ ስም ማስጻፍ ብዙ ሰው ያስባል፤ የተማሪውን ቀለብ ያሰበ ግን ተማሪ ሆኖ ያለፈበት ሰው ነው። በዕድሜያቸው ማብቂያ ምላሳቸው ከብዶ መናገር ሲያቅታቸው በሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያስተምሩ እንደነበር ተማሪያቸው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ዘግበዋል።

በእኛ አቅም ስናስበውስ? ዓመት የዞረበት 2,000,000 ብር ያለው ነጋዴ ዘካው 50,000 ብር ነው። ለአምስት ተማሪዎች ቢያካፍለው በአሥሩ የትምህርት ወራት ለእያንዳንዳቸው በወር 1,000 ብር ይደርሳል። ይህ ልጁን አያበለጽገውም፤ ከማቋረጥ ግን ሊያስቀረው ይችላል። ዘካ የማይደርስባቸው ቤቶችም አምስት ስድስት ሆነው በሰደቃ አንድ ተማሪ ሊይዙ ይችላሉ። በእኛ አስተያየት አንድ ጊዜ በብዛት ተሰጥቶ ከሚቀር፣ ትንሽ ሆኖ በየወሩ የማይቋረጥ ይሻላል፤ ተማሪ የሚደክመው የነገውን ስለማያውቅ ነውና።

ገንዘቡ በልጁ እጅ ይግባ፤ የራሱ ይሁን። ዘካን ለተማሪ ማደሪያ ግንባታ ማዋል በዑለማዎች መካከል ክርክር ያለበት ስለሆነ፣ ለዚያ ሰደቃና ወቅፍ ይበቃሉ። «ተመርቀህ አገርህ ካልተመለስክ ትከፍላለህ» የሚል ውል በዘካ ላይ አይታሰርም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልግ ጀመዓ ከሰደቃ ሳጥኑ ወለድ የሌለበት ቀርድ ያዘጋጅ። የዘካው መዝገብ ከመስጂድ ማሠሪያው መዝገብ ይለይ፤ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት።

ስለ ክብር አንድ ነገር እንጨምር። ተማሪን በጁሙዓ ቀን ፊት አስቁሞ በማይክሮፎን ስሙን መጥራት፣ ፖስታ ሲቀበል ፎቶ ማንሳት እየተለመደ ነው። ነገ በዚያው ከተማ ሆስፒታል እነዚያኑ ሰዎች የሚያክመው እርሱ ነው። በእኩዮቿ ፊት የተጠራች ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አትመጣም። የተቸገረውን አብረውት የሚያድሩት ልጆች ያውቁታል፤ በእነርሱ በኩል ጠይቁ፣ በስልክ ወይም በባንክ ላኩ።

«ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅም በዚሁ ችግር ላይ ነው» ያሉን እናት አሉ። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዘካ ለሙስሊም ድሆች የተለየ ነው፤ ሰደቃ ግን ለእርሱም ይሰጣል፣ ምንዳም አለው። ከሰደቃዎ ይስጡት፣ እማማ።

በመጨረሻ በደብዳቤ የደረሰንን ጥያቄ እንመልስ፦ «ዘካ የሚወጣው በዓመት አንዴ ከሆነ እንዴት በየወሩ እንሰጣለን?» የግዴታው ጊዜ ከደረሰ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ማቆየት አይገባም። ነገር ግን ገንዘቡ ኒሷብ ከሞላ ቀኑ ሳይደርስ አስቀድሞ ማውጣት በሐነፊ፣ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ይፈቀዳል። ስለዚህ ዘካችሁ የሚደርሰው በረመዳን ከሆነ፣ ከመስከረም ምዝገባ ጀምራችሁ በየወሩ ለተማሪው ስጡ፣ ስትሰጡም የዘካ ኒያ ያዙ፣ ጻፉት። ረመዳን ሲገባ ሒሳባችሁን አድርጉና የሰጣችሁትን ቀንሳችሁ ቀሪውን አውጡ።