አምባሰል በጣት ወይስ በመምቻ?

ሕግ ለተማረ ሰው «አምባሰል» ሲባል ቀድማ የምትታወሰው ውጫሌ ናት፡፡ የወረዳው ዋና ከተማ ውጫሌ ስሟን ለ1881ቱ ውል ሰጥታለች፡፡ የውሉን አንቀጽ 17 ደግሞ የማያውቅ የለም፤ በአማርኛው የተፈቀደው ነገር በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፡፡ እኔ ዛሬ የማነሳው ክርክር ጦር አያማዝዝም፡፡ ግን እሱም አንድ ነገር በሁለት እጅ ሲያዝ ሁለት ትርጉም ስለመስጠቱ ነው፡፡

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፡፡ መንገዱን ሲቀጥል ወደ አምባሰል ይገባል፡፡ ግሸን ማርያም ያለችበት አገር ነው፡፡ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ መካከል አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፡፡ አምባሰል ሲነሳ የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ጆሮው ላይ የማይመጣበት የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም፡፡

የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች የማይሰለቻቸው አንድ ክርክር አላቸው፤ ክሩ በጣት ይመታ ወይስ በፒክ? ዲትሮይት ውስጥ የሞታውንን ዘፈኖች የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን በአንድ አመልካች ጣቱ ነበር የሚጫወተው፡፡ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስቱዲዮ የሠራችው ካሮል ኬይ ደግሞ በፒክ ታወቀች፡፡ ሁለቱም ትልቅ ናቸው፤ ክርክሩም በዚሁ ያልቃል፡፡ ምክንያቱም በጊታር ላይ ግራ እጅ በሁለቱም አጨዋወት ሥራው ያው ነው፤ ክሩን አንገቱ ላይ ተጭኖ ድምፁን ይመርጣል፡፡ የሚለወጠው የድምፁ ጠባይ ነው፡፡ ፒክ ሲሆን አጀማመሩ ሹል፣ ጣት ሲሆን ክብ ይሆናል፡፡

ክራር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ክራር አንገት የለውም፤ እያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፡፡ በመምቻ ሲገረፍ ቀኝ እጅ አምስቱንም ስድስቱንም አውታር ባንዴ ጠርጎ ያልፋል፡፡ ታዲያ ዜማው ከየት ይመጣል? ከግራ እጅ ነው፡፡ የግራ ጣቶች ከኋላ አውታሮቹን ነክተው ያፍኗቸዋል፤ መሰማት ያለበት አውታር ላይ ያለችው ጣት ብቻ ትነሳለች፡፡ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ያለመናገር መብት ይሰጣል፤ ክራር ሲገረፍ ግን ዝምታው መብት ሳይሆን ግዴታ ነው፡፡ በጣት ሲደረደር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፡፡ አፋኝ የነበሩት ጣቶች ራሳቸው አውታሩን ይስባሉ፤ ያልተነካው አውታር ማንም ሳያፍነው ዝም ብሎ ይቆያል፡፡ እንግዲህ ልዩነቱ የድምፅ ጠባይ ብቻ አይደለም፡፡ አንደኛው ዜማውን የሚያወጣው በማፈን ነው፣ ሌላኛው በመሳብ፡፡

ይህ በአምባሰል ላይ ለምን ይበልጥ እንደሚሰማ ለመረዳት ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ያለው አንባቢ ነጮቹን ቁልፎች ይሞክር፡፡ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢመታ የትዝታን ሜጀር ያገኛል፡፡ አምስቱን ባንዴ ቢጫናቸው እንኳ ጆሮ አይጎዱም፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤቶች የሉምና፡፡ አሁን ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይምታ፤ ይህ አምባሰል ነው፡፡ ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጥቁር ቁልፍ እንኳ የማይለያቸው ጥብቅ ጎረቤቶች ናቸው፡፡ በተራ ሲመጡ ያ ሆድ የሚያባባው የአምባሰል ቃና ከእነሱ ይወለዳል፡፡ ባንድ ላይ ሲመጡ ይፋጫሉ፡፡ (የክራር ቅኝት በጆሮ ስለሚሠራ ከፒያኖው ጋር ልክ ለልክ ላይገጥም ይችላል፤ ጉርብትናው ግን ያው ነው፡፡)

ስለዚህ ትዝታ ሜጀርን የሚገርፍ ሰው አንዲት ጣቱ ብትዘናጋ የሚያመልጠው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ያልፋል፡፡ አምባሰልን ሲገርፍ ያዘናጋት ጣት ግን ወዲያው ታስነቅፈዋለች፡፡ ባቲና አንቺሆዬም እንዲሁ ግማሽ ድምፆች ስላሏቸው ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም፡፡ ጎበዝ ገራፊ አያስመልጥም፣ ይህን አልክድም፡፡ ነገር ግን ከበሮ እየተመታ፣ እስክስታው እየጋለ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ስንቱ ጎበዝ ሆኖ ይቆያል?

መምቻው የራሱ ምክንያት አለው፡፡ ድምፁ ይጎላል፣ ምቱን ይጠብቃል፣ በጭብጨባ መሀል አይጠፋም፡፡ ጣት በባዶ ቤት ያምራል፤ ሰው በሞላበት ሠርግ ቤት ግን ማን ይሰማዋል? ያለ ኤሌክትሪክ ዘመን ይህ በቂ መልስ ነበር፡፡ ዛሬ በየባህል ምሽት ቤቱ የሚታየው ክራር ግን ገመድ ተሰክቶበት በድምፅ ማጉያ የሚያልፍ ነው፡፡ የጣትን ድምፅ ከፍ ማድረግ አንድ ቁልፍ የማዞር ጉዳይ ሆኗል፡፡ ይባስ ብሎ ማጉያው አያዳላም፤ ያመለጠውን አውታርም አብሮ ያጎላዋል፡፡ የድምፅ ማነስ የሚለው መከላከያ እንግዲህ በይርጋ የታገደ ይመስለኛል፡፡

አስናቀች ወርቁን የሚወድ ሰው የምለው ይገባዋል፡፡ «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም 16ኛው ቅጽ የእሷ ነው፡፡ ድምፅና ክራር ብቻቸውን ሲገናኙ በድምፆቹ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ይሰማል፡፡ አምባሰል የሚፈልገው ያንን ክፍተት ነው፡፡ ለጭፈራ ዘፈን መምቻው ይጋረፍ፣ ማንም አይከለክለው፤ ለአምባሰል ግን የእኔ ድምፅ ለጣት ነው፡፡

ቤዝ ክራር ላይ ደግሞ እንኳን ልስማማ፣ ልከራከርም አልፈልግም፡፡ ዛሬ በባህል ቡድኖች ውስጥ የቤዝ ጊታርን ሥራ የሚሠራ ወፍራም አውታር ያለው ክራር አለ፡፡ ሁለት ተጎራባች ድምፆች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አብረው ሲሰሙ ይበልጥ ይደፈርሳሉ፡፡ ያንን ክራር በአምባሰል ቃኝቶ በመምቻ ጠርጎ የሚያልፍ ሰው ዜማውን ሳይሆን ጉርምርምታውን ነው የሚያሰማን፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ባህል ምሽት ቤት የሚገባ አንባቢ ዘፋኙን ትቶ የቤዝ ክራረኛውን ግራ እጅ ይይ፤ ጣቶቹ ያፍናሉ ወይስ ይስባሉ?