የይፋግ ታካሚና ስልኳ፦ ከቀጠሮ ጥሪ እስከ አፕ

የካንሰር የጨረር ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የደቡብ ጎንደሯ የይፋግ ከተማ ሴት የቀጠሮዋን ነገር ለማወቅ ራሷ አዲስ አበባ መገኘት ነበረባት። ሞባይል እስከ ገጠር ሲዘልቅ ቀጠሮ መራዘሙን ደውሎ መጠየቅ ተቻለ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የደርሶ መልስ የመኪና ሒሳብና የማረፊያ ወጪ አስቀርቷል። በኋላ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ጎንደር ላይ መሰጠቱ ደግሞ መንገዱን አሳጠረው።

በ2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የብዙዎችን ዓይን ወደ አፕ አዞረ። በኬሞ ላይ የነበሩ ልዩ ልዩ የካንሰር ታካሚዎች ሕመማቸውን በኢንተርኔት ሲያሳውቁ፣ ምልክቱ ከባሰ ነርሷ ወዲያው መልእክት ይደርሳት ነበር። እነዚህ ታካሚዎች በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በአማካይ 5 ወር ያህል የበለጠ ኖሩ። ውጤቱን ያነበበ ሁሉ ስለ አፑ አወራ፤ ከወዲያ ማዶ ሆና መልእክቱን የምታነበውን ነርስ ግን ብዙዎች ዘለሏት። እዚሁ አገራችንም፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ሙከራ፣ የሠለጠኑ ነርሶች የሚከታተሏቸው የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ለዓመታት የሚዋጠውን ታሞክሲፌን የተባለ መድኃኒት ሳያቋርጡ በመውሰድ ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል።

እኛ ጋ ሌላም ጣጣ አለ። ስማርት ስልኩ ብዙ ጊዜ የልጅ ነው። «የጡትሽ ቁስል እንዴት ሆነ?» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ለእናቱ የሚያነብላት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ እሷም ለእሱ ምን ብላ ትመልስ? ስለዚህ በአማርኛ የተቀዳ ድምፅ፣ በጆሮዋ ብቻ የምትሰማው፣ ከጽሑፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ለመኪናና ለመድኃኒት ገንዘብ መላክ ቀለለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ ግን በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት አፕ ለዚህ አካባቢ ታካሚ አደራ የሚጣልበት አልነበረም።

በኬሞ ሰሞን ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ለነገ አይባልም፤ ሰውነት ኢንፌክሽን የሚመክትበት አቅም ተዳክሟልና ታካሚዋን በዚያው ሌሊት ሐኪም ሊያያት ይገባል። ሌሊት ግን ማን ይጠየቃል? በኮቪድ ጊዜ 8335 የሚባል ነጻ የስልክ መስመር ነበር። ለካንሰር ታካሚዎችም በተራ ስልክ የሚደወልበት፣ ሌሊት ነርስ የምታነሳው እንዲህ ያለ ቁጥር ይቅደም። አፑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።